ሃያ ሁለት ቢጫ ሰደርያ

በርገን ላይ ዝናብ ነው፣ እንደ ልማዱ፣
ልጆቹ ተሰልፈው ወደ ዓሣ ቤት ሲሄዱ።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ የሰልፉ ጭራ፣
ሃያ ሁለት ሰደርያ በዓይኔ ስቆጥር፣ ስፈራ።

ቱሪድ ከፊት ናት፣ ደወል ነው ድምጿ፤
«ድምፅ የላትም» ብላ ጽፋብኛለች በግምገማ ቅጿ።

ከሻርኩ መስታወት፣ ከሸርጣኑ ገንዳ
ዞረን ስንሰበሰብ ከኮት መስቀያው ጓዳ፣
ቆጠርኩ፤ ሃያ አንድ።
ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሃያ አንድ፤
ልቤ ከደረቴ ወደ ጉልበቴ ሲወርድ።

«አይቪን! አይቪን!» ቱሪድ ተጣራች፤
መስታወቱ ድምጿን መለሰላት እንጂ እሱን አላገኘች።

ከደረጃው ሥር አገኘሁት እኔ፣
አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ሲሸሸግ ከዓይኔ።
አልተቆጣሁም። አጎንብሼ ገባሁ፣
የሸረሪት ድሩን ጠርጌ፣ ከጎኑ ተቀመጥኩ።
«ሸርጣኑ ሸሸኝ» አለኝ በሹክሹክታ።
«ጮኸህበት ይሆናል» አልኩት፣ እኔም በሹክሹክታ።
ሳቀ። እርጥብ ካልሲውን ጨምቀን
ወጣን፣ ጣት ለጣት ተቆላልፈን።

አውቶቡሱ ውስጥ ክንዴ ላይ እንቅልፍ ጣለው።
ቱሪድ ቅጹን ዘረጋችልኝ፤ «ፈርሚ፣ እስክሪብቶውም ይኸው።»
ቀኝ እጄ ከልጁ ራስ ሥር ነው፣ ደንዝዟል።
«ቆዪ» አልኳት
በከንፈሬ ብቻ።

ሰማችኝ።