ሁለት ጠብታ ዘይት

ቅዳሜ ነው፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣
ጀሪካን ደርድረን ውኃ ትመጣለች ብለን ስንጠብቅ፣
ትርሲት አልጋውን ስባ ከሥሩ አወጣች፦
የሪሞት ክዳን፣ ሁለት ጎዶሎ ካልሲ፣
አምና "ጎረቤት ወስዶት ቀረ" ያልኩትን ካቻቪቴ።
አየችኝ። ምንም አላለች።
በቀሚሷ ጠርጋ እጄ ላይ አስቀመጠች።

ገባኝ።
ሦስት ዓመት "ነገ" ስላት የኖርኩት የበሩ ነገር ነው፣
ሲከፈት እንደታሰረ ፍየል የሚጮኸው።

የላሸቀውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ሞላሁ፣
ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁ፣
ከወይዘሮ ዘርፌ የስፌት መኪና ዘይት ለመንኩ፣
ሁለት ጠብታ።
ከፈትሁ። ዘጋሁ።
ጸጥታ።
ለምሳ ሳልጠይቅ አንድ ጭልፋ ወጥ ተጨመረልኝ።

ሌሊት ግን፣
ማርዳ ከሆቴሉ የማታ ፈረቃ ስትመለስ
ያ ፍየል ነበር "ገባች" የሚለኝ፤
ያኔ ነበር ጎኔን ገልብጬ እንቅልፍ የሚወስደኝ።
ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት፣ ስምንት፤
ትርሲትም እንዳልተኛች በትንፋሿ አወቅሁባት።
ተነሥቼ ልይ እላለሁ፣
አልጋዋ ባዶ ቢሆንስ? እተኛለሁ።
እንዲህ ጸጥታውን ስናዳምጥ ነጋ።

ጫማዋ በሩ ሥር ነበር፣
ጎን ለጎን፣ ጭቃው ከደረቀ ቆይቷል።

እሑድ ነው። ካቻቪቴው አሁንም ኪሴ ውስጥ።
ትርሲት ሳህን እያለቀለቀች፣
ፊቷን ሳትመልስ፣
"እስቲ ትንሽ አላላው" አለችኝ።