ሁለት መስመር

ነሐሴ ነበር፤ አል ኾር፤ ከሌሊቱ ስምንት።
መስኮቱ በውጭ በኩል አልቦታል፤ በውስጥ እኛ ሹራብና ጓንት።
ቢጁ ከማንግሮቩ ሥር ጭቃ ቀድቶ መጣ፣
በብልቃጥ አሽጎ፣ በበረዶ ከቦ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጨው አወጣ።
«አስናኩ» ይለኛል፤ «ቁ»ን ምላሱ አልለመዳት፤
እኔም ማረሙን ትቼ፣ እንዲያው እንደሱ ወደድኳት።

ወለል ለማጽዳት ነበር የመጣሁት፤ ኋላ እጄን አዩት፣
የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ ፒፔት አስጨበጡት።
የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር፦ «ጣትሽን አትመኚ፤
ላብሽ ውስጥ ክር የሚቆርጥ አለ፤ ሳትሸፈኚ አትገኚ።»

እዚያ ጭቃ ውስጥ ስሟ ያልታወቀ ነፍስ አለች፣
ከዓይን ያነሰች፣ ጨውና ሙቀት የለመደች።
መልክ የላት፣ ወረቀት የላት፤ ማን ናት ቢሉ፣
ከራይቦዞሟ ክር ላይ ነው የሚለቅሙት ስም ፈላጊ ሁሉ።

ክሩ ረጅም ነው፤ አሥራ አምስት መቶ ፊደል ግድም፣
በአራት ሆሄ ብቻ የተጻፈ፤ ግን ተዘርግቶ አያድርም።
በራሱ ላይ ይታጠፋል፤ ጓኒን ሳይቶሲንን ፈልጎ ይይዛል፣
አዴኒን ወደ ዩራሲል ክንዱን ይመዛል፤
አንዳንዴም ጓኒን ከዩራሲል፦ ሽማግሌ ያልተላከበት ጋብቻ፣
ይወላገዳል እንጂ አይፈታም፤ ምሥጢሩን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ።

ሚስፈር የሚባል ሽማግሌ፣ ወደቡ ላይ መረብ ጠጋኝ፣
የክሩን ሥዕል ግድግዳው ላይ አይቶ፣ «ማን ቋጠረው?» ሲል ጠየቀኝ።
«ማንም» አልኩት፤ «ራሱን በራሱ ነው የቋጠረ።»
አላመነኝም፤ በጣቱ ግንዱን ዞረ፣ ቀለበቱን ዞረ።
«ዓሣውስ?» አለና ሄደ።

ጄሉ ላይ ስንነዳቸው፣ ጤነኞቹ ሁለት መስመር ናቸው፤
ላይኛው ደማቅ፣ ታችኛው ሳሳ ያለ፤ ከግርጌ ደግሞ ታናሻቸው።
የተበላሸ እንደሆነ መስመር የለም፤ ጭጋግ ነው የፈሰሰ፣
እንደ አሸዋ ነፋስ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለበሰ።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ማታ፣ ማቀዝቀዣው ቆመ።
ከዜሮ በታች ሰማንያ የነበረው ወደ ክፍሉ ሙቀት ወጣ፤
ማንቂያው ለባዶ ኮሪደር ጮኸ፤ ዓርብ ነው፣ ማን ይምጣ?
ቅዳሜ ስንከፍተው ውኃ። ያ ሁሉ ብልቃጥ፣ ውኃ።
መቀሱ ከውጭ አልመጣም፤ አብሯት ያደረ ነው፣ በገዛ ቤቷ፤
ብርዱ ነበር እጁን የያዘው፣ ያልታየ ዘበኛ፣ እስከዚያች ዕለቷ።

ዶክተር ሙንታሃ አልተቆጣችም። ጣቷን በጣቷ ቆላልፋ፦
«ትንሹና ትልቁ ክፍል ሥራ ላይ እንዲህ ተጋጥመው ሳሉ፣
ጥርስ አያገኛቸውም፤ ተሸፋፍነው ይውላሉ።
ራብ ሲመጣ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ይለያያሉ፤ ያኔ ነው
የተገጠሙበት ፊት የሚራቆት፤ መቀሱም የሚያርፍ እዚያው ነው።
ነፍሲቱም ወፍጮዋን ነቅላ፣ ድንጋዩን ከትክታ፣
ትቅመዋለች፤ ለአንድ ሌሊት እንድትበረታ።»
ጣቶቿን አላቀቀች።

ቢጁ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።
ሚስቱ ካኑር ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት፣ በሁለት ዓመት አንድ ወር እየተሰጠ።
እኔም የኮምቦልቻውን ሰውዬን አሰብኩ፤ ከዚያ ተውኩ፤
ስለ ባክቴሪያ ነበር የምንነጋገር። ጓንቴን ለወጥኩ።

ከጭጋጉ አንዲት ቁራጭ አተረፍን፣ ሦስት መቶ ፊደል ብትሞላ፤
አንድ ግንድ፣ ግማሽ ቀለበት፤ የቀረው ሁሉ ተበላ።
ዘመዶቿን አወቅን፤ ከየትኛው ወገን እንደተወለደች፤
ከስሟ ደጃፍ ደርሰን አንኳኳን፤ እሷ ግን አልወጣች።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «ናሙና አሥራ አራት። ወገኗ፣ የታወቀ።
ስሟ፦» ብዬ፣ ቀሪውን መስመር ክፍት ተውኩት።

«ውኃው አሥር ሰዓት ላይ ይሸሻል፣ አስናኩ» አለኝ ቢጁ፣ ከበሩ ዞሮ፣
ያንኑ ሱሪ ወደ ላይ ጠቅልሎ፣ ባዶ ብልቃጦቹን ቆጥሮ።