ጳጉሜ ስድስት

አባቴ ከምድር ባቡር፣ ከቶርኖው ሥር ያረጀ፣
አንዲት የናስ ቁራጭ ይዞ ሠላሳ ዓመት ያፈጀ፤
ሦስት መቶ አሥራ ሰባት የሚል ቁጥር፣ ጠርዟ በጣት ያለቀ፤
ዛሬም ከመነጽሩ ጎን ያሳድራታል፣ በነቃ ቁጥር እየጠየቀ።

መፍቻ ቢሻ፣ ካሊበር ቢሻ፣ ሞርሳ ቢሻ ወይ ሞረድ፣
ናሷን በመስኮት ለአቶ ቡሽራ ሰጥቶ ነበር የሚወስድ።
አቶ ቡሽራ መፍቻውን አንሥቶ፣ ናሷን ከምስማሩ ይሰቅላል፤
ያ ምስማር ናስ ከያዘ፣ ሌላው ሠራተኛ ቆሞ ይጠብቃል።
አንድ መፍቻ፣ አንድ እጅ። ሕጉ ይኸው ነበር፤
በአንድ መፍቻ ዓመት የተኮራረፉ ነበሩ በዚያ ሰፈር።

እኔ የምሠራበት ዕቃ ቤት ምስማር የለውም፣ ልንገርህ አባዬ፤
ጠባቂ የለው፣ ቁልፍ የለው።
መፍቻውን ስወስድ መፍቻው እዚያው ነው፤
ሺህ ሰው ቢወስደውም እዚያው ነው።
«ታዲያ ማን ሠራው?» አለኝ። «የማላውቃቸው ሰዎች።»
«ደሞዛቸውስ?» ዝም አልኩ። «ገባኝ» አለ፣ «ዕብዶች።»
ኒሙ ሥር ሽርጡን ሰብስቦ ሳቀ።
ከዚራ ላይ በዚያ ሙቀት የሚስቅ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የሳቢያን ክሊኒክ መዝገብ የእኔ ሥራ ነው፣ በትርፍ ሰዓቴ የገጣጠምኩት፣
ክፍት ከተተወው ሁሉ፣ ከዚህም ከዚያም ለቅሜ የሰፋሁት፤
ቀን መቁጠሪያውን ግን ከአንድ ሰው ነው እንዳለ ያመጣሁት፦
ስሙ ሦስት ፊደል፣ ምስሉ የዓሣ አጥንት፣ አገሩን እንጃ።

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ሊያልቅ፣ በመጨረሻዋ ማታ፣
ሲስተር ፈትለወርቅ ደወለች፦
«አንቺ ልጅ፣ ማሽንሽ ሕፃን አልቀበል አለ!
ሂቦ ወልዳለች፣ ሴት፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፤
ጳጉሜ ስድስት ስለው፣ ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› ይለኛል ቀልቶ።
ልጅቱ ታለቅሳለች፤ ማሽኑ የለችም ይላል። ማንን ልመን?»

መብራት ጠፍቷል፤ ባትሪዬ አሥራ ዘጠኝ በመቶ፤
ደቻቱ ማዶ ጀነሬተር ያጓራል፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተጎልቶ።
የቀን መቁጠሪያውን ሆድ ከፈትኩት። ማንም አልከለከለኝ።
መስመር ወረድኩ፣ መስመር ወጣሁ፤ ላቤ ቁልፎቹ ላይ ጠብ አለብኝ።
እዚያ ነበረ፦ ዓመቱን ለአራት አካፍሎ፣
ዜሮ ሲተርፈው ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፣ በፈረንጆቹ ተታሎ።
የእኛ ግን ሦስት ሲተርፍ ነው፤ በሉቃስ ማብቂያ፣ ዮሐንስ ሳይጠባ፤
ቄሱም የባጃጅ ነጂውም የሚያውቀው፣ ለዓሣ አጥንቱ በየት በኩል ይግባ?

ዜሮን ሰርዤ ሦስት ጻፍኩ።
በቃ። ለዚች ነው አንድ ሕፃን ከቀን ውጭ ያመሸው።

ሊነጋ ሲል፣ ዓመቱ ተለውጦ፣ መልስ መጣ፦
«ልክ ነሽ። አፍሬያለሁ። ፈተና የሌለው እርማት ግን አላስገባም፤
ነገ ሌላው መጥቶ እንዳያበላሸው፣ መጠየቂያ ጨምሪበት።»
መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ አባቴ ትዝ አለኝ፣
አንዱን ዘንግ አራት ጊዜ ሲለካ፣ «ዓይን ይዋሻል» እያለ።

መጠየቂያው ሁለት መስመር ነው፦
ጳጉሜ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት፤ እንዲህ ያለ ቀን አለ?
መልሱ «አለ» ካልሆነ፣ ሥራው ሁሉ ይቁም።
የልጅቱን ስም አልጻፍኩም፤ ስሟ የእናቷ ነው።
ከሥሩ የላኪ ስም ሲጠይቀኝ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት አልኩ።

አሁን በማላውቀው አገር፣ አንድ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቢነካ፣ ማሽኑ ሌላውን ሁሉ ትቶ
ስለዚያች ማታ ይጠይቃል።
አለች ወይ? አለች።

ለአባቴ ነገርኩት። ናሷን አንሥቶ አገላበጣት።
«መፍቻው እዚያው ነው፤ ቁጥሬን ግን ሰቀልሽው?»
«አዎ።»
«ታዲያ መቼ ነው የሚመልሱልኝ?»