ሳያውቅ

ያፕ ሐይቁን ሲለካ ከርሞ በገመድ፣
ስድስት ገጽ ሰጠኝ ወደ አማርኛ እንዲሄድ።
አምስቱን ጨረስኩት ሻዬ ሳይቀዘቅዝ፣
ስድስተኛው ላይ ግን እጄ አለ ፍዝዝ፦
«ሐሜሶ ዳንጉራ መረቡ ሲወረስ
ኦንዌተንድ ነበር» — ብሎ አለፈ እንደ ነፋስ።

መዝገበ ቃላቴ፣ ሽፋኑ የተላጠ፣
አንድ ቃል ብጠይቀው ሦስት ስድብ ሰጠ።
አላዋቂ። መሃይም። ደንቆሮም ጨመረ፤
ደንቆሮ በእኛ ሰፈር በጠብ ነው የኖረ።
አላዋቂ ብለው ዳኛው ይተርታል፣
«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል»፣
ችሎቱ ይስቃል።
መሃይም ብለውስ? እርግጥ ፊደል የለው፣
ያፕ ግን የጻፈው ስለ ፊደል አይደለ።

ቃሉን ሰነጠቅሁት እንደ ቆሮሶ ሆድ፦
«ኦን» አፍራሽ ነው፣ እንደ እኛ «አል»፣ ለመካድ፤
«ዌተን» ማወቅ ነው፤ ጭራው ላይ ያለችው «ድ»
በመሆን ላይ ያለ፣ ያልቆመ፣ የሚሄድ።
አላዋቂ ስም ነው፣ ከሰው ጋር የሚቀበር፣
ሳያውቅ ግን ሰዓት ነው፣ ትናንት የነበር።

አሞራ ገደል ወርጄ ያፕን ጠየቅሁት።
«ቤት ሲነድ ለተኛ ሕፃን ልጅ እንላለን፣
ስድብ አይደለም» አለኝ፣ «እንዲያውም እናዝናለን።
ሚስቱ ሻንጣ ስትሸክፍ፣ ጓሮ ቁጭ ብሎ
ብስክሌት ለሚጠግንም…»
ዝም አለ። ሐይቁን አየ።
ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐሜሶ ቀና ብሎ አባ ኮዳዎቹን ቆጠረ፤
አንዱም ከዛፍ አልወረደም።
«ዛሬ ጀልባ አይወጣም» አለ። ያፕ ወጣ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ከጥቁር ውሃ በኩል መጥቶ
ገመዱንም መለኪያውንም ለጉማሬ ሰጠ።
ያፕ እስከ አንገቱ ርሶ፣ ደረቱን በጣቱ እየነካ፣
«ኦንዌተንድ» አለ።
ሐሜሶ ሳይተረጎምለት ሳቀ።

ማታ ጻፍሁ፦ «መረቡ ሲወረስ
ሐሜሶ ሕጉ አልተነገረውም ነበር።»
ይህ በቃሉ ውስጥ የለም። የጨመርሁት እኔ ነኝ።
ድሮ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር፣ በገበያ መሃል፣ በነጋሪት፤
አሁን ደንብ የሚወጣው ያለ ድምፅ ነው።
ፈረምሁበት።

በማግስቱ ሐሜሶ ሁለት ቆሮሶ ሰጠኝ፣
በወረቀት ጠቅልሎ።
ቤት ገብቼ ስፈታው፣ በቅርፊትና በደም መሃል፣
የመረብ ቀዳዳ ስፋት፣ የቅጣቱ ብር፣
ክብ ማኅተም፣ የአምናው ቀን።
ስንት ወር ዓሣ ጠቅልሎበታል፣
ሳያውቅ።

እኔ ግን አሁን አውቃለሁ።
ወረቀቱ ጣቴ ላይ ተጣብቋል።