ሰነዱ የት አለ?

ደላላ የለበትም። ገዢዬ ዘካርያስ
ካራ ላይ ወርዶ ነው የመጣው ከሚኒባስ።
ግድግዳ ዳሰሰ፣ ቧንቧ ከፍቶ ሰማ፤
«ውኃው በማክሰኞ ነው» ስለው ተስማማ።
ተጨባበጥን ቆመን፣ ከበሩ ደፍ ላይ፤
ሽያጭ ይኸው መስሎኝ፣ ጣጣውን ሳላይ።

ለካ መጨባበጥ ቃል ነው፤ ቃል ይረሳል፤
ቤት ከሰው ወደ ሰው በማኅተም ይነሳል።

ክፍለ ከተማ ሄድኩ፣ ካርታው እንዲጣራ፤
ፋይሌ ተገኘ በሳልስቱ፣ ከሌላ ሰው ጋራ።
«ዕዳና እገዳ የለበትም» የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ፤
(ዕዳዬን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እነሱ ምን ጠየቁኝ?)
የጣሪያ ግብር ከፈልኩ፣ ለሚያፈስ ጣሪያ፤
ባልዲ ነበር የምንደረድር ለክረምት መቀበያ።

ካርታው ሁለት ስም ነው፦ የእኔና የስንዱ።
እሷ ስለሌለች፣ ልጆቿ ፍርድ ቤት ሄዱ፤
ወራሽ መሆናቸው ታትሞ ሲጠናቀቅ
ሞቷን አምስት ኮፒ አስነሳሁ፤ አንዱን ልደብቅ።

«አሹራና ቴምብሩን ማን ይክፈል?» ብለን ስንገማገም
ሚስቱ «በእኛ ይሁን» አለች፤ ልቧ ጨካኝ አይደለም።

ሰነዶች ማረጋገጫ፤ ወረፋ መቶ አስር።
ገዢው፣ ሲፒኦው ደረት ኪሱ፣ ኮቱን ሲፈታ ሲያስር፣
እኔ ፌስታል ታቅፌ ስቀመጥ፣ ስነሳ፤
ምስክሬ ፈንታሁን አንቀላፋ፣ ያለ ምሳ።

ልጅቷ ከመስኮቱ ማዶ፦ «ሰነዱ የት አለ?»
እኔ የሰማሁት «ስንዱ የት አለች?» ነው።
ጽድ ሥር ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ ልላት አፌን ከፍቼ
ፌስታሉን ዘረጋሁ።

አዋዋዩ አነበበ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦
በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወይዘሮ ትበርህ፣
ሁለት መቶ ካሬ፣ ቁጥሩን በፊደል አድርጎ።
ሲሚንቶው ሳይደርቅ የረገጠችውን ደረጃ
የትኛው አንቀጽ ላይ ሊያስገባው?
እኔም ዝም አልኩ፤ የለኝም ማስረጃ።

«አባት፣ ወደው ነው? ፈቅደው? ማንም ሳያስገድድዎ?»
ጉልበቴ ነው፣ ዳገቱ ነው፣
ሁለት ሰው የሚበቃው አልጋ ነው፤ ለሹም ይባላል?
«ፈቅጄ ነው» አልኩ። ፈረምኩ።
አውራ ጣቴ ሰማያዊ ሆነ፤ ቀለሙን ሁለት ቀን አላስለቀቅኩ።

ቁልፉን አስረከብኩ። ካርታው ዞረ በስሙ።
በወሩ ዘካርያስ ደወለ፣ ግራ ገብቶት፦
«ጋሼ፣ የመብራት ቢል መጣ፤ ወይዘሮ ስንዱ ይላል፤
ነገ ሄጄ ላዙረው?»
ለካ ቆጣሪውን ረስተነዋል።
«ተወው ልጄ» አልኩት፤
«አንተ ክፈል፤ እሷ እዚያው ትቁጠር።»