ስድስት ፊደል

እስከ ሰኞ ጠዋት መልስ ስጪ አሉኝ፤
ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉልኝ፣
አንደኛው የዋጋ፣ አንደኛው የጊዜ፣
እንደ ሐኪም ማዘዣ፣ ግን ያለ ትካዜ።

ማቶዚኞስ ላይ ይዘንባል። መስኮት ብዘጋበትም
የሰርዲን ሽታ ከወደብ መምጣቱን አይተውም።
ፋብሪካው ያሽጋል፣ በቆርቆሮ፣ በዘይት፤
እኔ እቆጥራለሁ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣
በጥቁር ገጽ ላይ፣ በአረንጓዴ ፊደላት፤
አይጥ የማያውቅ ቤት፣ በቀስት ብቻ የሚያስኬድ፣
ኤፍ አሥርን ሲጫኑት ደረሰኝ የሚወልድ።

ዲኒስ መጥቶ ነበር፤ ሃያ ስድስት ነው ዓመቱ፤
ጨዋ ነው፤ ኮዴን ሲያነብ ሳቅ አልታየም በፊቱ።
"ዶና ዴኦሊንዳ፣ ይህን ቋንቋ የሚናገር
ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረ በዚህ አገር?
ቢታመሙስ?" አለኝ። "እግዜር አይበለውና" አላለም፤
የዛሬ ልጆች ይህን አይሉም።

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያበሳጨኝ።
እኔም ሃያ ስድስት ነበርኩ ይህ ቤት ሲቀጥረኝ፤
የወረቀቱን መዝገብ "ጣሉት" ስል፣
አሮጌው ሒሳብ ያዥ አንገቱን ደፍቶ ሲያየኝ።

የእሱ ቋንቋ ሰንጠረዡን አንዴ ጠይቆ ያስመልሳል፤
የእኔው ግን መዝገቡን አንድ በአንድ ይዳስሳል፣
ከፋይሉ ራስ እስከ ፋይሉ ጫፍ
እንደ ዓይነ ስውር፣ በጣት፣ ምዕራፍ በምዕራፍ።

ቅዳሜ። ቢሮው ባዶ። አሸት አድርጌ ዓይኔን
ከላይ እስከ ታች አነበብኩት ኮዴን።
አሥራ አንድ ሺህ መስመር። ግማሹ ያሳፍራል፤
ሩቡን ማን እንደጻፈው እኔኑ ያጠራጥራል።
አንዱ ጋ "ይህን አትንኪ" የሚል አለ በእጄ፤
ምክንያቱን አልጻፍኩም፤ ያን ሳምንት ነው መሰል የተወለደች ልጄ።

ከዚያ፣ መስመር አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት፦
*ጀልባው "መልካም ተ" ከሆነ ወለድ አትጨምርበት፤*
*ማስጠንቀቂያ አትላክ፤ ዝለለው።*

የስም ሣጥኑ ያኔ ስድስት ፊደል ነው፣ ከነክፍተቱ፤
ዲስክ ውድ ነበረ፤ ስም ይቀላ ነበር ካንገቱ።
እናም "መልካም ተስፋ"፣ ያ ሰማያዊ ጀልባ፣ ተቆርጦ
እኔ ማሽን ውስጥ ቀረ፣ "ተ" ላይ ተቀምጦ።
ባሕሩ ግን ሙሉ ስሙን ነው የወሰደው፣
በታኅሣሥ፣ ከነአምስት ሰው።

ኤቴልቪና ተረፈች፣ ከመረብ ዕዳ ጋር፣
ለነዳጅ፣ ለበረዶ ከተወሰደው ብድር።
ሴኞር አቢሊዮ ኮቱን ሳያወልቅ ገባ፤
ከኋላዬ ቆመ፤ ዝናብ ይሁን እንባ
አልዞርኩም።
"ይህን ጀልባ፣" አለኝ፣ "ማሽንሽ አይየው፤
ልጄም ቢሆን፣ ማንም ቢሆን፣ ማንም አይወቀው።"
ወረቀት አልፈረመ፤ ለጠበቃ አልነገረ፤
ውሳኔው በአንዲት መስመር፣ በእኔ ቋንቋ ቀረ።

አቢሊዮ የለም። ፋብሪካውን ኦታቪዮ ይዞታል።
ኤቴልቪና ግን አለች፤ ሰማንያ አንድ ሞልቷታል፤
ማክሰኞ ማክሰኞ በበራችን ታልፋለች፤ ጃንጥላዋ ይበልጣታል።

ዲኒስ ብሎኛል፦ "መዝገቡ በአንድ ሌሊት ይሻገራል።"
መዝገቡማ ይሻገራል።
ዝምታው በምን ይሻገራል?

እሑድ ከሰዓት። የጫነልኝን ከፈትኩ፤
ሦስቴ ነጠላ ሰረዝ ረሳሁ፤ ሦስቴ ተኮላተፍኩ።
በሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አፍ መፍታት!
የመጀመሪያ ቃሌም፣ ከደረሰኝ በፊት፣ ያችው መስመር ናት።
እዚህ ሣጥኑ ሰፊ ነው፤ ስም እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፤
ጣቴ ግን "ተ" ላይ ሲደርስ በልማዱ ይቆማል።
ከዚያ "ስ"። ከዚያ "ፋ"።

ከሥሩ ማስታወሻ ጀመርኩ፦ "ይህ የሆነው…" ብዬ፤
አጠፋሁት። ሰው ያነበዋል። ቃል አለብኝ ለአለቃዬ።

ሰኞ እሺ እላቸዋለሁ መሰለኝ።
ዲኒስ "ይህ መስመር ምንድነው?" ካለኝ
ወደ ወደቡ ይዤው እወርዳለሁ፣ ዝናቡ ካባራ።
"ማንም አይወቅ" ነው ያለው፤ ግን አንድ ልጅ፣ ያውም የእኔን ሥራ
የሚወርስ፣ "ማንም" ይባላል?

ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው። ከመስኮቱ ሥር ጃንጥላዋ ያልፋል።