የብርሃን ስም ጥሪ

ጎረቤቴ ምኒችል አራት ፎቅ አቆመ፤
ዓመት ሳይሞላው የግቢዬ ሰርዶ ታመመ።
አልከሰስኩትም፤ ሕንጻው በካርታው ልክ ነው፣
ድንበሬን የገፋው ጥላው ብቻ ነው።
ውሃ አጠጣሁ፣ ፍግ በተንኩ፣ ነቀልኩ ሙጃውን፤
ሣሩ ግን እንደ ራሴ ጠጉር ሳስቶ፣ አሳየኝ ቆዳውን።

ዘር ልገዛ ወረድኩ ወደ ቡሬ ገበያ፤
ይታያል የሚሉት ልጅ፣ ተቀምጦ በጆንያ፣
«የሣር ዘር» ስለው ሚዛኑን አልነካም፤
እንደ ሐኪም አየኝ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይደክም።
«ግቢዎ በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል?»
«ቡሬ ላይ ደግሞ ፀሐይ ጠፍቶ ያውቃል?»
«የቡሬን አይደለም፣ የእርስዎን ነው ያልኩት።
ሰርዶን ከስድስት ሰዓት ባነሰ ፀሐይ አይዝሩት።
ይኼኛው፣ ሰፊ ቅጠሉ፣ ጥላ ችሎ ያድራል፤
ቀትር ከበዛበት ግን ጠርዙ ያራል።
ሄደው ቆጥረው ይምጡ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ደወል የደወልኩ፣
በመኪና ቸርኬ ልጅ ያስገባሁ፣ ልጅ የበተንኩ፣
ለሰፈሩ ሁሉ ሰዓት የነበርኩ፣
ብርሃን በደጄ ስንት ፔሬድ እንደሚማር ስጠየቅ
ደነገጥኩ።

ግንቦት ሃያ ሰባት፣ በርጩማዬን ይዤ፣
አሮጌ የስም መጥሪያ ከሣጥን መዝዤ፣
ወጣሁ። በተማሪ ስም ፈንታ ቦታ ጻፍኩ፦
አጥሩ ጥግ። ዋንዛው ሥር። መሐሉ። በሩ አጠገብ።

አንድ ሰዓት። ሁሉም ቀሪ።
ሁለት። የምኒችል ቆርቆሮ አብረቀረቀ፤
ብርሃን ወደኔ ሳይወርድ እዚያው ላይ ሳቀ።
ሦስት። እንደ አርፋጅ ተማሪ፣ በአጥር ሥር ሹልክ ብሎ፣
በሩ አጠገብ ቆመ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ።
አምስት። መሐሉም አለ።
ስድስት። ጥላዬ ራሷ እግሬ ሥር ተሸሸገች።

ዋንዛው ሥር ነው ነገር የተበላሸ፦
ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ብርሃን መሬቱን አዥጎርጉሮ፣
ቅጠል በተነቃነቀ ቁጥር ሸሸ።
«አለ» ልበል «ቀሪ»? እርሳሴን ነክሼ ብዙ ቆየሁ፤
በመጨረሻ «አለ፣ ግን አያዳምጥም» ብዬ ጻፍሁ።
አጥሩ ጥግ? እስከ ማታ ቀሪ።
ወላጁ ይጠራ።

አትጠገብ በጓዳው መስኮት ብቅ ብላ አየች፤
«ምን ትጠብቃለህ?»
«ፀሐይ።»
«ጠፍታ ነው?» አለች፣
ሳቋን ሳትጨርስ በርበሬዋን ልታነሳ ወጣች።

ያኔ ነው ያየሁት።
በሦስት ሰዓት ሰሌኗን በሩ አጠገብ ዘርግታ፣
የምሰሶው ጥላ ሲጠጋት በስንዝር ስባ፣ በአሥር አንስታ፣
አንዲት ቀን ሳትስት፣ ደብተር ሳትከፍት፣
እኔ ቸርኬ ስቀጠቅጥ፣ እሷ ብርሃኑን በበርበሬ ቆጥራዋለች፣
ይኸው ስንት ዓመት።

«ያንተ የግንቦቱ ነው» አለችኝ፣ አንድ ዛላ እየሰበረች፣
ፍሬው ሲንኮሻኮሽ በጆሮዋ እየሰማች፤
«በታኅሣሥ የፎቁ ጥላ መሐሉንም ይቆርሰዋል።
የማይከዳው በሩ ብቻ ነው።»
መዝገቡን አጠፍኩ። እርማት አላስፈለገውም።

ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ደመናው ሲከብድ፣
ተመለስኩ ወደ ይታያል ዘንድ።
«ባለ ሰፊ ቅጠሉን ስጠኝ፣ ለዋንዛው ሥርና ለመሐሉ።
ለአጥሩ ጥግ ምንም፤ በርሜል አቁሜበታለሁ።»
«ሰርዶስ?»
«ተወው።»
መዝገቡን ገለጠው፣ በጣቱ ወረደ፣
በሩ አጠገብ ሲደርስ ግንባሩ ታጠፈ፦
«ሰባት ሰዓት ጽፈዋል እኮ፣ ጋሼ!
ታዲያ ያ ሁሉ ብርሃን?»

«ባለቤት አለው።»